ዓሣ በጀበና ውስጥ

(ከዚህ በታች የቀረበው አንድ የማኅበራችን አባል በበረዶው ወራት በተደረገው የቤተሰብ ምሽት ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። ለአሥረኛ ዓመት መጽሔታችን ሲዘጋጅ በመጠኑ ታርሟል። አዘጋጆቹ)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ዓሦችህ ንገረን» ሲለኝ መጀመሪያ የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። እዚህ ቦታ ላይ ቆመው ስለ ቤት ግዥ፣ ስለ ግብር አሞላል፣ ስለ ልጆች ኮሌጅ አገባብ የተናገሩትን ሰዎች አስታውሼ፣ እኔ ከነሱ ቀጥዬ ስለ ጣት የምታህል ዓሣ ባወራ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ኋላ ግን ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከአኳሪየሙ ፊት እንደማይነሣ ትዝ አለኝና እሺ አልሁ። የምነግራችሁም ከመጽሐፍ ካገኘሁት ይልቅ ተሳስቼ የተማርሁት ይበዛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዝዋይ ነው። ያደግሁት በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ ነው። ልጆች ሳለን ጀልባ ሲመለስ ሮጠን እንወርዳለን። ዓሣ የሚያጸዱት ሰዎች አንጀቱን ሲወረውሩ አባ ኮዳዎቹ ይሻማሉ፤ እኛም አባ ኮዳዎቹን እናባርራለን። አንድ ቀን አንዲት ቆሮሶ ከመረብ ስትወጣ አፏን ከፈተችና ቢጫ ቢጫ ፍሬ የመሰለ ነገር ተፋች። ዕንቁላል ነበር። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት «አይ ጨካኝ! የገዛ ልጆቿን ስትበላ ተያዘች» አሉ። እኛም አመንን። ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ በልቤ እንደዚያው ተቀምጦ ኖረ።

እውነቱን ያወቅሁት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። ሴቷ ቆሮሶ ዕንቁላሏን ጥላ፣ ወንዱ ካዳበረው በኋላ ሁሉንም አፏ ውስጥ ትሰበስባለች። እዚያው ተፈልፍለው ራሳቸውን ችለው መዋኘት እስኪጀምሩ ድረስ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ከወጡ በኋላም የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ጨካኝ ያልናት ጾመኛ ኖራለች። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለሌላ ምሽት እንተወው፤ ባለፈው ጊዜ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አቆይቶናል።)

ይህን የነገርኋችሁ በምክንያት ነው። ያንኑ የዝዋይ ስሕተት እኔው ራሴ በብሩክሊን ፓርክ ቤዝመንቴ ውስጥ ደገምሁት። ወደዚያ እደርሳለሁ።

ቆሮሶ ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ በዋነኛነት በአፍሪካ፣ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ይገኛል፤ የታንጋኒካ፣ የማላዊና የቪክቶሪያ ሐይቆች በዓለም ሳይንቲስቶች ዘንድ ስማቸው የሚነሣው በብዛት በነዚህ ዓሦች ነው። በአገራችንም በአፋር፣ ጨው በሚመረትበት በአፍዴራ ሐይቅና በዳርቻው ባሉት ፍል ውኃዎች፣ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ባለ ምድር፣ በዚያ ጨውና ሙቀት የምትኖር ትንሽ ሲክሊድ አለች። እ.ኤ.አ. በ1931 ስም ሲወጣላት ደናክልን ባቋረጠው በባሮን ፍራንኬቲ ስም ተጠራች፤ ዛሬ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ትባላለች። ዓሣዋ የአፋር፣ ስሟ የባሮን! ይህንንም ለሌላ ምሽት ልተወው።

ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ርዝመታቸው ከአሥር ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፈውን የአኳሪየም ሰዎች ድንክ ሲክሊድ ይሏቸዋል። አብዛኛው የአኳሪየም ዓሣ ዕንቁላሉን በትኖ መንገዱን ይሄዳል፤ ዘወር ብሎ ቢያገኘውም ይበላዋል። እነዚህ ግን ቤት ይይዛሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። ልጄ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በነበረችበት ዓመት ለሳይንስ ትምህርት የሚሆን ነገር ስንፈልግ፣ 20 ጋሎን፣ ማለትም 75 ሊትር ያህል የሚይዝ አኳሪየም ገዝተን ቤዝመንት አስቀመጥን። የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ከእንቅልፌ እነሣለሁ፤ ሁለታችን የምንገናኝባት ሰዓት ያቺው ብቻ ነች። እውነቱን ለመናገር ዓሦቹ ከመምጣታቸው በፊት በዚያች ሰዓት የምንነጋገረው «በላሽ?» «አዎ» ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የገዛነው ራም የሚባል ጥንድ ዓሣ ነው። በቬኔዝዌላና በኮሎምቢያ ሜዳዎች፣ በሙቅና ለስላሳ ውኃ የሚኖር፣ ሰማያዊ ፈርጥ የተነሰነሰበት የሚመስል ውብ ፍጥረት ነው። ሻጩ «ማንኛውም ውኃ ይስማማዋል» አለን። አይስማማውም! የብሩክሊን ፓርክ ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ በመሬት ውስጥ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ለሻይ ግድ የለውም። የራም ዕንቁላል ግን እንዲህ ባለው ውኃ በጀ አይልም። ሦስት ጊዜ ጣሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ በሁለተኛው ቀን ዕንቁላሉ ነጭ ሆኖ ሻገተ።

እኔም መላ መታሁ። ብዙዎቻችን ቤት ውኃ የሚያለሰልስ፣ የጨው ከረጢት እየተሸከምን የምንሞላው መሣሪያ አለ። «ይኸው ለስላሳ ውኃ!» ብዬ ከዚያ ቀዳሁ። ያላወቅሁት ነገር፣ መሣሪያው ካልሲየሙን አስቀርቶ በምትኩ ሶዲየም እንደሚያስገባ ነው። ለሳሙናና ለቧንቧ ይበጃል። ለዓሣው ግን ጭነቱ ተለወጠ እንጂ አልቀለለም። እሱም አልሆን ሲል ወደ ደጅ ወጣሁ። የሚኒሶታ በረዶ እንደሆነ ሞልቷል፤ በነፃም ነው! የቀለጠ በረዶ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በባልዲ አቅልጬ የአኳሪየሙን ግማሽ ውኃ በአንድ ቀን ለወጥሁት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ወንዱ ሞቶ ጠበቀኝ። ሴቷም በሳምንቱ ተከተለችው። ዓሣ የሞተው በበረዶው ክፋት አይደለም፤ ውኃው በአንድ ቀን ድንገት በመለወጡ ነው። ልጄ ምንም አልተናገረችኝም። የከበደኝም እሱ ነው።

በመንትዮቹ ከተሞች የሚኒሶታ አኳሪየም ማኅበር የሚባል አለ፤ አባላቱ ቤታቸው ያረቧቸውን ዓሦች በጨረታ ይሸጣሉ። ልጄን ይዤ ሄድሁ። እዚያ አንድ ሽበታም ሰው ታሪካችንን ከሰሙ በኋላ ሳይስቁብን የነገሩን ነገር ይህ ነው፦ ውኃህን ለዓሣው ከምትለውጥ ዓሣውን ለውኃህ ምረጥ። ከዚያም ክሪቤንሲስ የሚባል ጥንድ አሳዩን። የአፍሪካ ዓሣ ነው፤ ከናይጄሪያ ደቡብና ከካሜሩን ዳርቻ። በአገሩ ለስላሳ ውኃ ቢያዘወትርም ከደረቅ ውኃም ጋር የሚስማማ፣ ሆዱ የሰፋ ዓሣ ነው። ወንዱ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሴቷ ከዚያ ታንሳለች። ልጄ «ከአፍሪካ ነው?» አለች፤ በዚያው ገዛነው።

ሰውየው ከዓሦቹ ጋር ከገዛ ማጣሪያቸው የተቆረጠ እርጥብ ስፖንጅ በላስቲክ ከረጢት ሰጡን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው በዚህ ነውና። ዓሣ ከሚያስወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ ሆነው እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፦ «እርሾ ነዋ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከጎረቤት እርሾ እንደሚለመነው ከቆየ አኳሪየም ስፖንጅ ይለመናል። እርሾውን የሚገድለው ደግሞ ያው የቧንቧ ክሎሪን ስለሆነ፣ ማጣሪያችሁን በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፤ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውኃ አለቅልቁት። ለዓሣው የምትጨምሩት ውኃም የክሎሪን ማርከሻ ጠብታ ይግባበት። ባልዲ አሳድሮ ክሎሪኑን ማስወጣት የሚቻለው ክሎሪን ብቻ ሲሆን ነው፤ እንደ ሚኒያፖሊስ ክሎራሚን በሚጨምር ከተማ ማሳደር አያዋጣም።

ክሪቤንሲስ ዋሻ ይፈልጋል። ሰዎች የኮኮናት ቅርፊት ወይም የአበባ ሸክላ ያስገባሉ። እኛ ቤት አንገቷ ከሥሩ የተሰበረ ጀበና ነበረች። ባለቤቴ ከአገር ቤት በሻንጣ፣ በልብስ ጠቅልላ ያመጣቻት ስለሆነች ተሰብራም አልጣለቻትም። ብዙ ለምኜ ተሰጠችኝ። ደጋግሜ አፍልቼ የቡናውን ሽታ አስለቀቅሁና በጎኗ አጋደምኋት።

የሆነውን አትጠይቁኝ። በዚህ ዓሣ ዘንድ ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ አይደለም። ሴቷ ሆዷ እንደ ቀይ ወይን ይቀላና በወንዱ ፊት ሰውነቷን አጉብጣ እየተንቀጠቀጠች፣ ና ቤት አግኝቻለሁ ትለዋለች። ወንዱ ይግደረደራል። በአሥረኛው ቀን ገደማ ሴቷ ከጀበናዋ አልወጣ አለች። በባትሪ ስናይ በጣሪያው ላይ ከመቶ የማያንስ ዕንቁላል ተለጥፏል። እሷ ውስጥ ሆና በክንፏ ታራግባለች፤ እሱ ደጅ ይጠብቃል። በሦስተኛው ቀን ተፈለፈሉ። በስምንተኛው ቀን እናትየዋ ትቢያ የመሰለ ደመና አስከትላ ወጣች።

ስሕተቱ የመጣው በዚያው ቀን ወደ ማታ ነው። ልጄ «አባዬ! አባዬ! እየበላቻቸው ነው!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ስወርድ እውነትም እናትየዋ ከመንጋው የራቀችውን ጫጩት እያሳደደች ጎረስ ታደርጋለች። የዝዋይዋ ሴትዮ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። መረቡን አነሣሁ። ሳላስብ፣ ተክሉንም ጀበናዋንም እያመሰቃቀልሁ እናትየዋን አውጥቼ በባልዲ ለየኋት። ልጆቹን ያዳንሁ መስሎኝ ተደስቼ ወደ ሥራ ሄድሁ።

ጠዋት ስመለስ አንድም ጫጩት አልነበረም። ቤቱ የታመሰበትና ብቻውን የቀረው አባት ሁሉንም ጨርሷቸዋል። እናትየዋን ስመልስለት ደግሞ እንደ ባዳ አሳድዶ ክንፏን ቦጫጨቀው። ለሁለት ሳምንት በመስታወት ከፍዬ ማስቀመጥ ግድ ሆነብኝ። ወደ ሽበታሙ ሰው ስደውል ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «ስትጎርስ እንጂ ስትውጥ አየሃት?» አሉኝ። አላየሁም። ለካ ሲመሽ የተበተኑትን በአፏ እየለቀመች ወደ ዋሻው ወስዳ ትተፋቸዋለች። ልጆቿን ቤት እያስገባች ነበር።

ያን ጊዜ ነው የዝዋይዋ ቆሮሶ ትዝ ያለችኝ። ለልጄም ነገርኋት፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ አባ ኮዳዎቹ። ስለ ልጅነቴ እንደዚያ ረዘም አድርጌ አውርቼላት አላውቅም ነበር። «አንተስ ከሰላሳ ዓመት በኋላ እንዴት አልገባህም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እርግጥ ነው፣ ልጆቻቸውን የሚበሉ ወላጆችም አሉ፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለዱ ወይም ሰላም ያጡ። የምለው ግን፣ መረብ ከማንሣታችሁ በፊት በጀበናው ውስጥ ያሉትን ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልጎደለ የተበላ የለም። መብራቱን ድንገት አታጥፉ፤ መስታወቱን አትምቱ፤ እንግዳ ሲመጣ ባትሪ አታብሩባቸው። የኔ ሥራ ውኃው ነው፣ የልጆቹ ነገር የእናትየዋ።

ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ጣሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በፊደል «ተፈለፍሉ» ይላል። ልጄ በማኅበራችን የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ላይ ስትቀመጥ ወደ ውጭ ስታይ የምትውል ነበረች፤ መምህሯ እዚህ ስላሉ አይቆጡኝ። ከአንድ ፊደል በቀር ትክክል ነው። ወረቀቱ አሁንም እዚያው ነው።

ጫጩቶቹ በወጡ በአሥረኛው ቀን ደግሞ፣ በየካቲት ብርድ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሰፈሩ መብራት ጠፋበት። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ፈረቃዬን ጥዬ መሄድ አልችልም። ልጄ ደወለች። ማሞቂያውም፣ የአየር ፓምፑም፣ የቤቱ ማሞቂያም ቆሟል። የነገርኋትን ልንገራችሁ፣ ለማንኛውም ይጠቅማችኋልና። ዓሣ መጀመሪያ የሚጎዳው ከብርዱ ይልቅ አየር በማጣት ነው። ስለዚህ ውኃውን በስኒ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፤ ምግብ አለመስጠት፤ አኳሪየሙን መሸፈን፤ በጋዝ ምድጃ የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ላዩ ላይ ማንሳፈፍ። ባለቤቴ የኔን ጋቢ አወጣች። እናትና ልጅ በሻማ፣ አንዷ ውኃ እያሞቀች አንዷ በስኒ እየቀዳች ነጋላቸው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው ውኃ 20 ደርሶ ነበር። ስገባ ልጄ ወለሉ ላይ ተኝታለች፤ ጋቢው አሁንም አኳሪየሙ ላይ ነው። እናትየዋ ዓሣ ጫጩቶቹን በሙሉ ጀበናዋ ውስጥ ከታ በሩን ዘግታ ቆማለች።

34ቱ አደጉ። ምግባቸው የጨው ውኃ ሽሪምፕ፣ አርቴሚያ የሚባለው ነው። ደረቅ ዕንቁላሉ በቆርቆሮ ይሸጣል፤ በጨው ውኃ ውስጥ አየር እየተነፋለት ሲሞቅ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ሲበሉት ሆዳቸው ብርቱካናማ ይሆናል፤ መጥገባቸው በዚያ ይታወቃል። የተቀቀለ የዕንቁላል አስኳል የሚሰጡም አሉ፤ ውኃውን ስለሚያበላሽ እኔ አልወደውም። በየሁለት ቀኑ ከውኃው ጥቂት፣ ከአንድ አምስተኛ ያልበለጠ፣ በተመሳሳይ ሙቀት እለውጣለሁ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ጣጣ ግን ቀርቷል። ሲያድጉ ስንቆጥር 27ቱ ሴቶች፣ ወንዶቹ 7 ብቻ ሆኑ። ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔ ግን አነበብሁ። በዚህ ዓሣ ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ውኃው ወደ አሲድነት ሲያደላ ወንዶች ይበዛሉ። የኛ የጉድጓድ ውኃ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። በደቡብ አሜሪካዎቹ ድንክ ሲክሊዶች፣ አፒስቶግራማ በሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት የተለያዩ ዝርያዎች ተፈትሸው ሙቀት ሲጨምር ወንዶች እንደሚበዙ ተገኝቷል። እንግዲህ ብሩክሊን ፓርክ የሴቶች አገር ናት ማለት ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ይህንኑ ዓሣ የሚያረባ ወገን ካለ ወንዶቹን ይዞ ይምጣ፤ በኔ በኩል ጥሎሽ አልጠይቅም።

ዓሦቹን መውሰድ የምትፈልጉ ከዝግጅቱ በኋላ ስማችሁን ለልጄ አስመዝግቡ። መዝገቡን የያዘችው እሷ ናት፤ በአማርኛ ካላናገራችኋት አትመዘግብም። ስፖንጅም፣ እርሾውን ማለቴ ነው፣ በነፃ እሰጣለሁ። ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። የመጀመሪያው፣ አኳሪየማችሁ ሥራ ከጀመረ ወር ሳይሞላው አትምጡ። ሁለተኛው፣ ቢሰለቻችሁ መልሱልኝ እንጂ ሺንግል ክሪክ ወይም ሚሲሲፒ ውስጥ እንዳትለቁ። የአኳሪየም ዓሣ ወደ ወንዝና ሐይቅ መልቀቅ በሚኒሶታ ሕግ ክልክል ነው። ክሪቤንሲስ በረዶውን አይችለውም፣ ይሞታል፤ የወርቅ ዓሣ ግን ይችለዋል፣ በዚህ ስቴት ሐይቆች ውስጥም ተራብቶ አስቸግሯል። በአገራችንም ከውጭ የመጣው ካርፕ በቆቃና በዝዋይ እንደተራባ የዚያ አካባቢ ሰዎች ታውቃላችሁ።

ጀበናውን ግን ከየቤታችሁ ፈልጉ። ባለቤቴ ከእንግዲህ አንድም አልሰጥም ብላለች።